የጓድ ሥራ አስኪያጁ ባለ ሁለት በር

ድሬዳዋ ብዙ ነገር አይታለች። ባቡር ሲገባባት አይታለች፤ ደርቆ የከረመው የደቻቱ ወንዝ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሞልቶ አልጋና ብርድ ልብስ ይዞ ሲወርድ አይታለች፤ ከአምስት ቋንቋ የተዋጣ ስድብም ሰምታለች። ነገር ግን በአብዮቱ ስምንተኛ ዓመት በአዝራር ፋብሪካው የተቋቋመውን የመጓጓዣ ተተኪ አጥኚና መራጭ ጊዜያዊ ኮሚቴ የመሰለ፣ አርቆ አሳቢ፣ ጥልቅ መርማሪ፣ ጠረጴዛ መቺ ጉባኤ ከዚያ በፊት አላየችም፤ ከዚያ ወዲህም እንድታይ አይፈረድባትም።

ፋብሪካው ለሸሚዝና ለካኪ ኮት የሚሆን አዝራር ይሠራል። የድሮው ባለቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ «ሙሴ» ብቻ ይለው የነበረው ፈረንጅ፣ ንብረቱ ሲወረስ አምስት ማሽን፣ አንድ ውሻና አንዲት የእሽቅድምድም መኪና ትቶ አገሩ ገባ። ማሽኖቹ ለሰፊው ሕዝብ ሆኑ። ውሻው ጌታውን ናፍቆ ሞተ። መኪናዋ ለሥራ አስኪያጁ ለጓድ ሀብተ ማርያም ሆነች።

ጓድ ሀብተ ማርያም መኪናዋን የተቀበሉት ወደው አልነበረም፤ ለትግሉ ሲሉ ነው። ቀይ መሆኗ ቃል አያሻውም። ጣሪያ አልባ መሆኗ መሪን ከሕዝብ አይሰውርም። ወንበሯ ሁለት ብቻ መሆኑም እንከን አልነበረም፤ አንዱ ለአመራሩ ነው፣ ሁለተኛው ለሰፊው ሕዝብ። ሰፊውን ሕዝብ ወክሎ መሪ የሚይዘው ሾፌሩ ማዘንጊያ ነበር።

የማዘንጊያ እናት አስካለማርያም እዚያው ፋብሪካ ውስጥ የተበላሸውን አዝራር ከደህናው የምትለይ ለቃሚ ናት። ልጇን ማዘንጊያ ያለችው ከእሱ በፊት የሞቱባትን ሁለት ልጆች እንዲያስረሳት ነው። እነሱንስ አስረስቷታል፤ እሱን የሚያስረሳት ግን አልተገኘም። ሲወጣ ትጨነቃለች፣ ሲዘገይ ትጨነቃለች፣ ቶሎ ሲመጣ ደግሞ በፍጥነት ነድቶ ነው ብላ ትጨነቃለች።

ምክንያት አላት። መኪናዋ አርጅታለች። ፍሬኗ ሲረገጥ መጀመሪያ ያስባል፣ ቀጥሎ ይመካከራል፣ በመጨረሻ ይወስናል፤ ጓድ ሀብተ ማርያም ይህን «የጋራ አመራር» ይሉታል። በሾፌሩ በኩል ያለው በር ደግሞ ኩርባ ላይ በገዛ ፈቃዱ ይከፈታል። የጋራዡ ኃላፊ ኢስማዒል ሦስት ጊዜ ጠግኖት ሦስት ጊዜ ከተከፈተ በኋላ «ይህ በር ወላሂ ከእኔ ጋር የቆየ ጠብ አለው» ብሎ ትቶታል። ስለዚህ አስካለማርያም በየማለዳው መቀነቷን ከወገቧ ፈትታ በሩን ከልጇ ወንበር ጋር ታስራለች፤ ሁለት ዙር፣ ሦስት ቋጠሮ፣ አንድ የማርያም ስም።

«እማዬ፣ ሰው ያየናል» ይላታል ማዘንጊያ።

«ይይህ። የሚያይህ ከሚያለቅስልህ ይሻላል።»

ጓድ ሀብተ ማርያም ግን ከከተማ ወጥተው ወደ ሁርሶ የሚወስደውን ቀጥ ያለ መንገድ ሲያገኙ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያኖሩና «በርታ! ፍጥነት የአብዮት ባሕርይ ነው» ይላሉ። እንዲህ ሲበረታ ነው አንድ ቀን ነፋሱ መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ላይ አንስቶ ወደ እሾሁ የወሰደው። ሌላ አላሠሩም። መነጽር የንዑስ ከበርቴ ምልክት መሆኑን የተገነዘቡት በዚያው ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሲቀርብላቸው ክንዳቸው እስከቻለ ድረስ ያርቁታል፣ ቅንድባቸውን ይሰበስባሉ፣ «ግሩም» ይላሉ፣ ይፈርማሉ። እንደሳቸው ፈጥኖ የሚያነብ ሥራ አስኪያጅ በአገሩ አልነበረም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በግንቦት ወር አንድ ሰኞ ቋጠሮው ላላ። በሩ ኩርባው ላይ ተበረገደ፤ ማዘንጊያ ግማሽ አካሉ ወጥቶ በእናቱ መቀነት ተንጠለጠለ። መኪናዋ መክራ ዘክራ እስክትቆም ድረስ ክርኑ ተላጠ። ጓድ ሀብተ ማርያም ከአደጋው ወዲያው ትምህርት ቀሰሙ። በማግስቱ ሠራተኛውን ሰብስበው መኪናዋ ታሪካዊ ተልዕኮዋን መፈጸሟን አወጁና ምትክ ያስፈልጋል አሉ፤ ምትኩም አስደሳችም አስተማማኝም መሆን አለበት። አስደሳች፣ አመራሩ በደስታ ካልመራ ሕዝቡ በደስታ አይመራምና። አስተማማኝ የሚለውን ለምን እንደጨመሩት አላብራሩም።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ሆነ፤ ሊቀመንበሩ ራሳቸው፣ በሙያው ኢስማዒል፣ በጸሐፊነት ደግሞ አስካለማርያም። የእሷ መመረጥ ታላቅ ምስጢር ነበረው። ፋብሪካው በቅርቡ «መቶ በመቶ ከመሃይምነት ነጻ» ተብሎ ሰንደቅ ዓላማ ተሸልሟል። አስካለማርያም በዚያ መቶ ውስጥ የገባችው ስሟን መጻፍ ስለቻለች ነው፤ ሌላውን ገና ከሥራ በኋላ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ እየተማረች ነበር። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ መመሪያ ግን የትግሉ ፍሬ እንዲታይ ቃለ ጉባኤዎች በአዲስ ተማሪ ሠራተኞች እጅ ተጽፈው፣ ሳይነኩ፣ ሳይገለበጡ እንዲላኩ ያዛል።

አስካለማርያም እምቢ አላለችም። ስለ መኪና የምታውቀው አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ካላስገባች እንቅልፍ እንደማይወስዳትም ታውቅ ነበር።

ስብሰባው ተከፈተ። ኢስማዒል በመጀመሪያ ያቀረበው ከወዳጅ አገር የሚመጣውን አራት ማዕዘን መኪና ነው። ጠንካራ ነው፣ መለዋወጫው እንደ ሎሚ ገበያ ላይ ይገኛል።

«በሩ ይዘጋል ወይ?» አለች አስካለማርያም።

ይዘጋል ተባለ። ጓድ ሀብተ ማርያም ግን አስተማማኝነቱን ባይክዱም ደስታ የለበትም አሉ፤ ሰው በዚያ መኪና ሲያልፍ ወደ ሥራ የሚሄድ ይመስላል። ቀጥሎ ፔጆ ቀረበ።

«የእሱስ በር ይዘጋል?»

«ይዘጋል፣ እናቴ» አለ ኢስማዒል።

ፔጆም ወደቀ፤ ድሬዳዋ ውስጥ ታክሲው ሁሉ ፔጆ ስለሆነ ሥራ አስኪያጁ ባለፉ ቁጥር ሰው እጁን እያነሣ «ከዚራ ሰፈር?» እያለ ያስቆማቸዋል። ከዚያ ጂፕ ቀረበ፤ ጂፑ ለወታደር እንጂ ለአዝራር አይሆንም ተባለ። ሞተር ብስክሌትም ተነሣ። አስካለማርያም ብስክሌቱ በር እንደሌለው ስትሰማ ለጊዜው ተስፋ አደረገች፤ ከምን እንደሚወድቁ ስትጠይቅ ግን ተስፋዋን መለሰችው።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ተነሡ። የኮሚቴውን ጥናት እንደሚያከብሩ፣ የኮሚቴው ጥናት ከእሳቸው የቀደመ ሐሳብ ጋር በደረሰበት መስማማትም እንደተደሰቱ ገልጸው ለጸሐፊዋ ያስጽፏት ጀመር። «መኪና» የሚለው ቃል የቅንጦት ሽታ ስላለው «መጓጓዣ» ይባል አሉ።

«ጻፊ፣ ጓድ አስካለማርያም። ቀይ። ጣሪያ አልባ። ጉልበቱ የማይደክም። ነዳጅ የማያባክን።»

አስካለማርያም ምላሷን በጥርሷ ይዛ ትጽፋለች። ፊደል የምታገኘው ከራሱ ቤት ጀምራ በሹክሹክታ እየቆጠረች ነው፤ ለ ስትፈልግ ከሀ ተነሥታ ለ ላይ ትደርሳለች፣ ሊን ስትፈልግ ለሉሊ ብላ ትቆማለች። መንገዱ ረጅም ነው እንጂ አያሳስትም፤ መሐል ላይ ሰው ካላስደነገጣት።

«ከሁሉም በላይ» አሉ ጓድ ሀብተ ማርያም፣ «ባለ ሁለት በር!»

አስካለማርያም በን አገኘችና ወደ ረ ቤት ገባች። ረ፣ ሩ፣ ሪ፣ ራ፣ ሬ...

«ከሁለት በር በላይ ያለው ሁሉ ቤተሰብ መጫኛ ነው!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ።

ልቧ ዘለለ፤ እርሳሷም የደረሰችበትን ፊደል ጻፈች። ቃለ ጉባኤው ተነበበ ተባለ፤ ሊቀመንበሩ አርቀው አዩት፣ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ፣ «ግሩም» አሉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተም ተደረገበት።

በማግስቱ ከሥራ በኋላ የፋብሪካው ቢሮ ጸሐፊና የአስካለማርያም መምህርት የሆነችው ፋርቱን በግምጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለት ሥዕል ሰቀለች። አንደኛው ቀንዳም ከብት ነው፣ ሁለተኛው የቤት መዝጊያ። ከሥዕሎቹ ግርጌ ተጽፏል፤ በሬ፣ በር። አስካለማርያም አየችና ጣቷን ከከብቱ ግርጌ ባለችው መጨረሻ ፊደል ላይ አኖረች።

«ፋርቱን፣ ልጄ፣ ይቺኛዋ የቷ ናት?»

«ሬ ናት። በሬ።»

«በር የምትለዋስ?»

«ከእሷ አንድ ወዲያ ነች። ምነው እማ አስካለ፣ ይቺማ የራስሽ ናት፤ ስምሽ መሐል ተቀምጣለች እኮ።»

እውነቷን ነው። አስካለማ-ር-ያም። ስንት ጊዜ የጻፈችው ስም ውስጥ የነበረችውን ፊደል አላወቀቻትም ነበር። ደብተሯን ጥላ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሮጠች። ፖስታው ታሽጎ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ጓድ ጌታዬ፣ አንድ ፊደል ስቻለሁ። በር ያሉኝን...»

ጓድ ሀብተ ማርያም እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። በፈገግታ፣ በአባትነት።

«ፋብሪካችን ከመሃይምነት ምን ያህል ነጻ ነው?»

«መቶ በመቶ፣ ጓድ ጌታዬ።»

«መቶ በመቶ ነጻ በሆነ ፋብሪካ ውስጥ የፊደል ስሕተት ከየት ይመጣል?»

ከእሷ እንደመጣ ልትነግራቸው ሞከረች። እሳቸው ግን ስሕተት አለ ማለት ሰንደቁ ሐሰት ነው ማለት እንደሆነ፣ ሰንደቁ ሐሰት ነው ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሷ ራሷ እንደምታውቅ፣ ከዚህም በላይ የሰፊው ሕዝብ እጅ የጻፈውን የመንካት ሥልጣን ማንም እንደሌለው አስረዷት። ወጥታ ለኢስማዒል ነገረችው።

«ተይው አቦ፣ እናቴ» አለ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ። «ቃለ ጉባኤ ማን ያነባል? የሚያዩት ማኅተሙን ነው።»

በዚህ ኢስማዒል ተሳሳተ። አነበቡት።

ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። ጓድ ሀብተ ማርያም አርቀው አዩት፤ «ጸድቋል» የምትለው ቃል በትልቁ ተጽፋ ስለነበር ተነበበችላቸው። መጓጓዣው በቅዳሜው ባቡር እንደሚደርስ ሌላ ሰው በስልክ ነግሯቸዋል። አስካለማርያምም ተንፈስ አለች። የአዲስ አበባ ሰው የተማረ ነው፣ አቃንቶ አንብቦልኛል ብላ መረቀችው።

ቅዳሜ ዕለት ጣቢያው በቀይ ጨርቅ አሸበረቀ። የፋብሪካው ባንድ ከበሮና አንድ ጡሩንባ ይዞ ቆመ። ባቡሩ ገባ፤ የዕቃው ፉርጎ ተከፈተ። ሁለት ቀያይ በሬዎች አንገታቸውን አወጡና ድሬዳዋን ተመለከቱ።

ባንዱ ትንሽ ነፋ፣ ከዚያ አቆመ። ጓድ ሀብተ ማርያም ከበሬዎቹ ጀርባ መኪናዋን ፈለጉ። ቀጥሎ ፋርቱን ደብዳቤውን ጮክ ብላ እንድታነብ አዘዙ። እሷም አነበበች፤ ድምፅዋ መሐል ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ በሳቅ ይሁን በፍርሃት አልታወቀም።

«በነዳጅ እጥረት ወቅት ጓዶች ከቅንጦት ተላቃችሁ ቀይ፣ ጣሪያ አልባ፣ ጉልበቱ የማይደክም፣ ነዳጅ የማያባክን፣ ባለ ሁለት በሬ መጓጓዣ መጠየቃችሁ ለቅርንጫፎች ሁሉ አርአያ ነው። በሬዎቹ ከመንግሥት እርሻ ተልከዋል። የሚጎትቱት አካል በራስ አቅም ይሟላ።»

አስካለማርያም በዓይኗ ልጇን ፈለገች። የዚያን ዘመን «አሻጥር» የምትባል ሰው የምታሳስር ቃል ነበረች፤ ለማንበብ ፊደል አትጠይቅም፣ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ማዘንጊያ ከእናቱ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«ይህን ማን ጻፈው?» አሉ ጓድ ሀብተ ማርያም።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ጌታዬ። ነግሬዎት ነበር።»

«ማን ፈረመው?» አለ ኢስማዒል፣ ሰማይ ሰማይ እያየ።

ከበሬዎቹ አንዱ አገሳ። ጓድ ሀብተ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከኪሳቸው ያዘጋጁትን ንግግር አወጡ፤ ማንበብ ስለማይችሉ በቃላቸው ያውቁት ነበር፣ ስለዚህም ሊለውጡት አልቻሉም።

«ጓዶች! ዛሬ የምትመለከቱት መጓጓዣ የዘመናዊ ቴክኒክ ውጤት ነው። ቀለሙን እዩ። የሞተሩን ድምፅ ስሙ። መብራቶቹ ሌሊት በሩቅ ያበራሉ። በጥናት የተመረጠ፣ ባለ ሁለት...» እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ተነፈሱ። «ባለ ሁለት በሬ ነው!»

ጭብጨባው ጣቢያውን አናወጠው። ከሁሉ አብልጣ ያጨበጨበችው አስካለማርያም ናት፤ እጇን ሌላ ምን እንደምታደርገው ስላላወቀች።

«የሚጎትቱት አካል በራስ አቅም» የሚለውን ኢስማዒል ፈታው። ከአሮጌዋ መኪና ሞተሩን አውጥቶ ቀንበር ገጠመላት። እነሆም መስከረም ሁለት ቀን ጓድ ሀብተ ማርያም በሁለት ቀያይ በሬ በሚጎተት የእሽቅድምድም መኪና ተቀምጠው በሰልፉ ፊት አለፉ። ማዘንጊያ ሞተሩ የነበረበት ላይ ተቀምጦ አለንጋ ይዟል። ሕዝቡ በየዓመቱ ሲሰለፍ የማያውቀውን ሳቅ ሳቀ፤ ይህም በሪፖርቱ ላይ «ልዩ የሕዝብ ደስታ» ተብሎ ተመዘገበ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከፋብሪካው በመጋላ ሰፈር አልፈው ወደ ከዚራ ይመላለሱ ጀመር። በመጋላው መንገድ ላይ ዲሪዬ የሚባል የታወቀ ባለጋሪ ፈረሱን እያስጋለበ ያልፋቸውና ዞሮ ይጠይቃል።

«ሾፌር! ይቺ ነገር ስንት የፈረስ ጉልበት ናት?»

«ፈረስ የለባትም» ይላል ማዘንጊያ። «ሁለት የበሬ ጉልበት።»

«ሁርሶ መቼ ትደርሳላችሁ?»

«ቀድመህ ከደረስህ ተነሥተዋል በላቸው» ይላል ማዘንጊያ።

መጀመሪያ ጓድ ሀብተ ማርያም ከልማድ «በርታ!» ይሉ ነበር፤ በሬዎቹ ግን ንቃታቸው ዝቅተኛ ስለነበር አልሰሙም። በኋላ ራሳቸው ወደዱት። ባርኔጣቸው ከራሳቸው አይወድቅም። ሰው ሁሉ ያያቸዋል፣ ሰላምታም ይሰጣቸዋል። መጓጓዣው አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው፤ ቀስ ስለሚል ሕዝቡ የሚላቸውን መስማት ግድ ሆነባቸው።

አስካለማርያም መቀነቷን ወገቧ ላይ መለሰች። በሩ አሁንም ኩርባ ላይ ይከፈታል፤ ማዘንጊያ ግን እዚያ የለም፣ ቢወድቅም መውደቁ ተራምዶ ከመውረድ አይከፋም። ሲወጣ አትጨነቅም። ሲዘገይ ደስ ይላታል። ቶሎ መምጣት የሚባል ነገር ደግሞ ቀርቷል። ከሥራ በኋላ ትማራለች፤ በገና ጊዜ ጋዜጣ ላይ ርዕሱን ያለ ቆጠራ ታነብ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከክብር ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት በፋብሪካው አርአያነት እጅግ ስለተደሰተ ሊሸልመው ወሰነ። ወደብ ላይ የተያዘች፣ ባለቤቷ የጠፋ፣ አዲስ፣ እንደ ጥይት የምትተኮስ የእሽቅድምድም መኪና አለች፤ ፋብሪካው በቃለ ጉባኤ ከጠየቀ ትሰጠዋለች ተባለ። ቃለ ጉባኤውም በዚያችው በታወቀች የሰፊው ሕዝብ እጅ ተጽፎ፣ ሳይነካ፣ ሳይገለበጥ ይላክ።

ጓድ ሀብተ ማርያም ደስታቸው ወሰን አጣ። ባርኔጣቸውን ከስብሰባው በፊት አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ማዘንጊያ» አሉ በመስኮቱ፣ «ተዘጋጅ! በሚቀጥለው ወር ሁርሶን በሩብ ሰዓት!»

አስካለማርያም ይህን ሰማች። ወገቧን ዳሰሰች፤ መቀነቷ እዚያው ነው። ለዚህች አዲስ መኪና በር ስንት ዙር እንደሚያስፈልግ አሰበች።

«የአዲሷስ በር ይዘጋል?» አለች።

«በዚያ ፍጥነት» አለ ኢስማዒል በሐዘን፣ «ቢዘጋስ ምን ይሠራል፣ እናቴ?»

ሊቀመንበሩ ማስጻፍ ጀመሩ። ቀይ። ጣሪያ አልባ። ፈጣን። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ካለፈው ተምረዋል።

«አሁን፣ ጓዶች፣ ማንም አይንቀሳቀስ። ማንም ጠረጴዛ አይምታ። ጓድ አስካለማርያም፣ በሰላም ቁጠሪ። ባለ ሁለት በር። የሚከፈተው በር።»

ውጭ ማዘንጊያ በሬዎቹን እያጠበ ያፏጫል። አስካለማርያም ፊደሏን ለማግኘት መቁጠር ካስፈለጋት ቆይቷል፤ በገዛ ስሟ መሐል የተቀመጠችን ፊደል ማን ይረሳል? ሊቀመንበሩ ቁጠሪ ካሏት ግን ቆጠረች፣ በሹክሹክታ፣ እየረጋች።

ረ። ሩ። ሪ። ራ። ሬ።

አንዲት ብቻ ቀርታት ነበር። ማንም ጠረጴዛ አልመታም። በመስኮቱ ልጇን አየችው፤ እዚያው ሬ ላይ ቆመች፣ ጻፈችም።

ጓድ ሀብተ ማርያም ወረቀቱን ተቀብለው ክንዳቸው እስከቻለ አራቁት። ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥንቃቄ አዩት።

«ግሩም!» አሉ፤ መቶ በመቶ ከመሃይምነት ነጻ የሆነውን ማኅተምም በገዛ እጃቸው አሳረፉበት።